አሥራ አራት ጊዜ «አለሁ»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ አራት ቤት እጠራለሁ። አሥራ አራቱም «አለሁ» ይላሉ። መዝገቡ ላይ አሥራ አራት ምልክት አደርግና ሻይ እጥዳለሁ። ላፕቶፑን አልከድነውም። ማጠፊያው ከተበላ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ አንዴ ከከደንኩት ስክሪኑ ተመልሶ ስለመብራቱ እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ ቀን ከሌት ክፍቱን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይውላል፣ ያድራል። ስተኛ አቧራ እንዳይገባበት ሻሽ ጣል አደርግበታለሁ።

ስሜ ኤልዳና ነው፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ። እናቴ ስሙን ስታወጣልኝ የዘመናይ ልጅ ስም ነበር። አሁን በ2078 ኤልዳና ማለት የአሮጊት ስም ነው፤ የብሎካችን ልጆች ሲሰሙት ሳቃቸው ይመጣል። አርባ ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ የመስመር እድራችን ጸሐፊ ነኝ።

የመስመር እድር ምን እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ ስለሆነ ልንገራችሁ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አዲሱ ኔትወርክ ሲመጣ ከሦስት ዓመት በላይ ያረጀ ማሽን አልቀበልም አለ። ማሽኖቻችን ምንም አልሆኑም ነበር። ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ብቻ አይታወቁም። በየሦስት ዓመቱ አዲስ መግዛት የማንችል አሥራ አምስት ቤቶች ነበርን። ኬብል ለቃቅመን ከብሎክ 11 እስከ ብሎክ 14 በየበረንዳው እያሳለፍን አሮጌ ማሽኖቻችንን እርስ በርስ አገናኘን። ኬብሉን ያሰርነው የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ነው። ዛሬም ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ከተሰጣው ሱሪና ካልሲ መሐል አንድ ጥቁር ገመድ ያያል። ያ ገመድ እኛ ነን።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ይወራበት ነበር። የሠርግ ፎቶ፣ የመድኃኒት ስም፣ ውኃ የሚመጣበት ቀን፣ ከሁሉም በላይ ሐሜት። በሁለተኛው ዓመት ብሎክ 12 ላይ መስመራችን ያልደረሳቸው መምህር ናሆም የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ሞተው በዘጠነኛው ቀን ተገኙ። እድሩ ተሰበሰበ። ጠዋት ጠዋት በመስመሩ ስም እንዲጠራ፣ ሦስት ጠዋት ድምፁ የጠፋ ሰው ካለ ቤቱ ድረስ እንዲኬድ ተወሰነ። ደንቡን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ለሰው አስቤ ነው ብል ዋሽቻለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጄ ሐዋሳ ናት፣ ብቻዬን ነው የምኖረው። ዘጠኝ ቀን ወለል ላይ መጋደም አልፈልግም።

ጠሪዋም እኔ ሆንኩ። መዝገቡ ላይ አሥራ አምስት ስም አለ፣ አሥራ አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ጠሪን የሚጠራ ስለሌለ ከስሜ ፊት ያለው ረድፍ ባዶ ነው። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ብዬ በየማሽኑ ላይ አንድ ቀይ ቁልፍ የገጠምኩትም እኔ ነኝ። አንዴ ሲነካ «አለሁ» ብሎ ይልካል፤ ፊደል መልቀም የለም። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ወሬውም ሐሜቱም ቀረ። ጥሪው ግን አንድም ጠዋት አልተጓደለም።

የተቀረው ቀኔ እንዲህ ነው። ሻይ ጠጥቼ ከአራተኛ ፎቅ እወርዳለሁ። የብሎካችን፣ የብሎክ 14 በር ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የሚሽከረከር ብረት ነው። ለሚወጣ ሰው ዝም ብሎ ይዞራል፣ የሚገባ ሰው ሲመጣ ግን በእጁ የያዘውን የአዲሱን ኔትወርክ መሣሪያ ያያል። እንደ እኔ የታወቀ መሣሪያ የሌለውን ሰው «ተከታይ» ይሉታል። ተከታይ በር አጠገብ ቆሞ የታወቀ ሰው ይጠብቃል። የታወቀው ሰው ሲመጣ በሩ «አብሮዎት ያለው ሰው አልታወቀም» ይላል። ሰውየው «ከእኔ ጋር ናት» ካለ ሁለታችንም እንገባለን። ቃሉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያንን ያለ ሰው ተከታዩ እስኪወጣ ድረስ ለሚያደርገው ሁሉ ተጠያቂ ነው። ስለዚህ ሰው ቃሉን ይቆጥባል። የእኛ ብሎክ ሰዎች ስለለመዱኝ ይሉልኛል። ፊቴን ግን አያዩኝም።

አውቶቡስ ላይ ይብሳል። ሹፌር የለውም፤ ከመሣሪያዎቹ ቁጥር አንድ ሰው ሲበዛበት «አንድ ያልታወቀ ተሳፋሪ አለ» ይልና ጥግ ይዞ ይቆማል። ሁሉም በየመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። አንድ ቀን አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆመናል። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ ዓይኗን ከስክሪኗ ሳትነቅል «ከእኔ ጋር ናት» አለችና ሄድን። ላመሰግናት ጠጋ አልኩ፤ ጆሮዋን ደፍናለች። ከዚያ ወዲህ በእግሬ መሄድ አበዛሁ።

ልጄ አርሴማ ይህን ኑሮዬን አትወደውም። ለገና ስትመጣ በስሜ የተገዛ አዲስ መሣሪያ በሳጥኑ ይዛ መጥታ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሳጥኑን ከፍቶ፣ ወርዶ ለበሩ አንዴ ማሳየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው ብላ ደጋግማ አስረዳችኝ፣ አርባ ዓመት ማሽን ስጠግን እንዳልኖርኩ ሁሉ። እሺ አልኳት። አምስት ወር አልፎ ሳጥኑ ፕላስቲኩ እንኳን አልተነሳም። ምክንያቴ ይሉኝታ ነው። አሥራ አራት ሰው ጠዋት ጠዋት ጥሪዬን ይጠብቃል። እነሱ በአሮጌ ማሽናቸው ተወስነው እየኖሩ ጠሪዋ አዲስ ገዛችና ትታን ሄደች ሲሉ ታየኝ። ያን መስማት አልችልም ነበር።

ሰኔ ሲገባ የላፕቶፑ ቻርጀር ተቃጠለ። ባትሪው ብቻውን ከአርባ ደቂቃ በላይ አይቆይም። ተመሳሳይ ቻርጀር ያላት ቁጥር ሦስት ናት፣ ብሎክ 12 ያለችው ሃሴት። እሷና እኔ ያን ኬብል አብረን ዘርግተናል፤ መሰላሉን የያዘችልኝ እሷ ነበረች። ከተያየን ግን ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው፣ በየበሩ መለመኑ ስለሰለቸን። በዚያ ዕለት ጠዋትም «አለሁ» ብላኛለች።

ብሎክ 12 በር ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆሜ አንድ ዕቃ አመላላሽ አስገባኝ። የሃሴትን በር አንኳኳሁ። ሕፃን ያቀፈች ወጣት ሴት ከፈተች። ሃሴት የለችም ወይ ስላት ደነገጠች። እዚህ ቤት በሚያዝያ እንደገባች፣ ከእሷ በፊት የነበሩት ሴትዮ በመጋቢት መጨረሻ ማረፋቸውን ቀስ ብላ ነገረችኝ። መርዶው በኔትወርኩ ተነግሮ ለቀብሩ ብዙ ሰው እንደመጣ ጎረቤቶች አውርተውላታል። አላውቅም ነበር ስላት እንዴት ብላ አልጠየቀችኝም። እጄ ላይ መሣሪያ እንደሌለ አይታለች።

ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የሃሴት ማሽን እንደተሰቀለ ነው፣ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል። ልጅቷ የመብራት ቆጣሪ መስሏት ሳትነካው ኖራለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብልጭ እንደሚል ነገረችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀይ ቁልፌ ተነቅሎ ሽቦው ቀጥታ ተያይዟል፤ በመስመሩ ማንኛውም መልእክት በመጣ ቁጥር ማሽኑ ራሱ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ንጹሕ ሥራ ነው፣ እኔ ብሠራውም ከዚህ አላሳምረውም። ጎኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የሃሴት እጅ ጽሑፍ ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረ ቀን ተጽፎበታል።

«እባካችሁ አታጥፉት። ኤልዳና እንዳትቀየመኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሃሴት ሁለት ዓመት ሙሉ አዲሱ ኔትወርክ ላይ ነበረች ማለት ነው። ትቼሽ ልሄድ ነው ማለት ከብዷት ማሽኗን በእሷ ቦታ አስቀምጣ ሄደች፤ ማሽኑም ከሞተች በኋላ «አለሁ» ሲለኝ ከረመ። ስልሳ ስምንት ጠዋት ከስሟ ፊት ምልክት አድርጌያለሁ። የእድር ጸሐፊ ሆኜ የጓደኛዬ ቀብር ላይ አልቆምኩም፣ ለቅሶ አልደረስኩም። ልቀየማት ፈለግኩና አልቻልኩም። ቁም ሳጥኔ ላይ ያለው ሳጥን ትዝ አለኝ፤ እኔም በዚያው በይሉኝታ ነው የተቀመጥኩት። ልጅቷ ውኃ ሰጠችኝ። ቻርጀሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ እሱን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ጥሪውን ጨርሼ፣ በጥሪ ሰዓት ተጽፎ የማያውቅ ነገር ጻፍኩ።

«እውነት በአካል ያላችሁ ስንት ናችሁ?»

አሥራ አራት መልስ መጣ፣ አሥራ አራቱም «አለሁ»። ቁጥር ሦስትም አለሁ አለች፣ ሃሴት። ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩና «አሞኛል» ብዬ ጻፍኩ። አላመመኝም ነበር፤ ሰው ካለ ምን ሆንሽ ማለቱ አይቀርም ብዬ ነው። አሥራ አራቱም እንደገና «አለሁ» አሉኝ። ቁጥር ዘጠኝ እንዲያውም ሦስት ጊዜ ደጋገመው።

ቁጥር ዘጠኝ ጋሽ ሶፎንያስ ናቸው፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ ብሎክ 11። ማሽናቸው ከሁሉም ያረጀ ነው። አሮጌ ማሽን መልእክቱ የደረሰ ሳይመስለው ሲቀር እየደጋገመ ይልካል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያየሁት ነገር ነው። መዝገቡ ጠርዝ ላይ «ቁ. 9 ይንተባተባል፣ የኔትወርክ ካርዱ እየሞተ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ቤት ለቤት ሄጄ ባጣራ ይሻል ነበር የሚል አይጠፋም። በየበሩ ማን ያስገባኛል? ደግሞ በእውነት ያለ ሰው ቢከፍትልኝ ምን እለዋለሁ? አለሁ ስትለኝ አላመንኩህም ልበለው? እንዲህ ያለ ስድብ ከአፌ አይወጣም። ሌላ መንገድ የለኝም ስል ደንቡ ትዝ አለኝ። ሦስት ጠዋት ድምፁ የጠፋ ሰው ቤት ይኬዳል። የጠፋው የጠሪዋ ድምፅ ከሆነስ? ዝም እላለሁ፣ ሰው ካለ ይመጣል። ካልመጣ ደግሞ አንድ ቀን ወለል ላይ ብወድቅ ምን እንደሚገጥመኝ ከወዲሁ አውቃለሁ።

ሰኔ አሥር ቀን፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ እጄን አጣጥፌ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። አልጠራሁም። ባልጠራቸው የሚመልስ የለምና ስክሪኑ ባዶ ሆነ፤ በዚያች ሰዓት ባዶ ሆኖ ሳየው በሃያ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ አንድ «አለሁ» ብቻውን መጣ። ቁጥር ዘጠኝ ነው። ሳይጠሩት መመለስ ጀመረ፣ ይህ ማሽንስ አበቃለት አልኩ።

ቀኑን ቤት ሳጸዳ ዋልኩ። ሞታለች ብሎ የመጣ ሰው ቤቴን ዝርክርክ ብሎ ቢያገኘው አልወድም። ደህናውን ቀሚሴን ለበስኩ፣ በሩን ሳልቆልፍ ገርበብ አድርጌ ተውኩት፣ ከቁምሳጥን ሁለተኛ ብርጭቆ አውጥቼ አጠብኩ። የመጀመሪያው ቀን ለወጉ ያህል ነው፣ ደንቡም ሦስት ቀን ይላል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ማን ሊመጣ እንደሚችል እያሰብኩ በስማቸው በተራ ሄድኩባቸው። የአንዳንዶቹ መልክ ጠፋብኝ። የቁጥር አምስትን ፊት ለማስታወስ ግማሽ ሰዓት ታገልኩ፤ የመጣልኝ መነጽራቸው ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ሲጥል ዋለ። ቁጥር ዘጠኝ እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ «አለሁ» አለ። ድምፅ የለውም፣ ስክሪኑ ላይ መስመር እየጨመረ መሄዱ ብቻ ነው፣ ግን ሰለቸኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የእኔ መስኮት በጀርባ በኩል ነው። የሚታየኝ የብሎክ 15 ግድግዳና የእኛ ጥቁር ገመድ ነው፤ የሰው አንሶላ ተሰጥቶበት ዝናብ እየመታው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ቁጥር ዘጠኝም ዝም አለ። ካርዱ ሞተ አልኩና መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ጠበቅኩ። አራት ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ተነስቼ ጸጉሬን አስተካከልኩ። ኮቴው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመ፣ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ስድስት ሰዓት ላይ ሌላ ኮቴ ሰማሁ፣ እሱም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማንም እንደማይመጣ ገባኝ። ሃያ ዓመት የጠራሁት ግድግዳ ነው። ብወድቅ መምህር ናሆም ያገኙት ዘጠኝ ቀን እንኳን ለእኔ የለም፤ አርሴማ ለመስቀል እስክትመጣ እቆያለሁ። ገርበብ ያለውን በሬን እያየሁ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለሃሴት ይሁን ለራሴ መለየት አልቻልኩም።

ፊቴን ታጠብኩና ሳጥኑን ከቁም ሳጥኑ አወረድኩ። ፕላስቲኩን ቀደድኩት። መሣሪያው ትንሽ ነው፣ መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑ ግን የበርጩማ ያህል ትልቅና ጠንካራ ነው። መጀመሪያ ሲመዘገብ ለበሩ ከውጭ በኩል መታየት ስላለበት ከነሳጥኑ ይዤው ወረድኩ። በሩ ለወጪ ዝም ብሎ ይዞራልና ዞረልኝ።

በሩ ሥር፣ እርጥቡ ድንጋይ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ብረቱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ከትከሻቸው በስብሷል። ጉልበታቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ረጅም ነገር አስቀምጠዋል። መጀመሪያ ተከታይ መስለውኝ ነበር፣ ሰው የሚጠብቁ። ቀና ሲሉ ጋሽ ሶፎንያስ ናቸው።

«በሕይወት አለሽ?» አሉኝ። ደስ ያላቸው አይመስልም፤ ተቆጥተዋል።

ራሴን ነቀነቅኩ። ብረቱን ይዘው ሊነሱ ሞከሩና ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሳጥኑን ገልብጬ አጠገባቸው አስቀመጥኩላቸው፣ ከድንጋዩ ወደ እሱ ተሸጋገሩ። ከዚያ እየተቆጡ ነገሩኝ። ሁለት ጠዋት ጥሪ ቢጠብቁ ቀረ። በሦስተኛው ጠዋት አንድ ሰዓት ሲያልፍ ደንቡ ነው ብለው ተነሱ። ብሎኮቹን የሚለየውን አጥር ዞረው ከብሎክ 11 እዚህ ለመድረስ በእሳቸው ጉልበት አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። በሩ አላውቅዎትም አላቸው። ገቢ ሰው በመጣ ቁጥር አራተኛ ፎቅ ያለች ሴት ሞታ ሊሆን ይችላልና ከእኔ ጋር ነው በልልኝ እያሉ ለመኑ። ሰባት ሰው አለፈ። አንዱ ብቻ ቆሞ፣ ባውቅዎት ኖሮ እልልዎት ነበር አባት ብሏቸዋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነበሩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቆመው ኮቴ አጠገባቸው ያለፈ ሰው ኮቴ ነበር።

ፌስታሉ ውስጥ ያለው የእድሩ ጥሩምባ እንደሆነ አወቅኩት።

«ቢነፉት እኮ በጀርባም በኩል ብሆን እሰማ ነበር» አልኳቸው።

«ሬሳሽን ሳላይ?» አሉ። «ሰው መሞቱን ሳላረጋግጥ ነፍቼ አላውቅም። ባንቺ አልጀምርም።»

ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ ሃሴት ወረቀት፣ ሁሉም ትተው ስለ መሄዳቸው፣ ሆን ብዬ ዝም ስለ ማለቴ። እሳቸውንም ትተው የሄዱ መስለውኝ እንደነበር፣ ማሽናቸው ራሱ የሚመልስ መስሎኝ እንደነበር ተናገርኩ።

የጋቢያቸውን ጫፍ ጨመቁ። «ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ኪቦርዱ ውኃ ጠጣ» አሉ። «የቀረችኝ ያቺ የገጠምሽልኝ ቀይ ቁልፍ ብቻ ናት። አሞኛል ስትዪ ምን ልበልሽ? ሌላ ቃል የለኝም። ያለችኝን ደጋገምኳት።»

አርባ ዓመት ማሽን ጠግኛለሁ። ምን እንደሚያመው በድምፁ እለያለሁ ብዬ የምመጻደቅ ሰው ነበርኩ። ሰውየው በአንድ ቁልፍ ሲጮኽልኝ እኔ ይንተባተባል ብዬ መዝገብ ላይ ጻፍኩ፣ ሲሰለቸኝም ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ። ይቅርታ ልል ፈልጌ ብርድ እንዳይመታዎት፣ እንግባ ብቻ አልኳቸው።

መሣሪያውን ለበሩ አሳየሁት። ጥቂት ቆየና በለስላሳ የሴት ድምፅ ተናገረ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ኤልዳና። አብሮዎት ያለው ሰው አልታወቀም።»

ይህችን ቃል ስንት ዓመት ሌላ ሰው እስኪልልኝ ቆሜ ጠብቄአለሁ። ብዬው ግን አላውቅም፤ መብቱ አልነበረኝም።

«ከእኔ ጋር ናቸው» አልኩ፤ በሩ ዞረ።

አራት ፎቅ ለመውጣት ብዙ አረፍን። የታጠበው ሁለተኛ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ እየጠበቀ ስለነበር ሻይ ቀዳሁላቸው። ጋቢያቸውን ወንበር ላይ አሰጣሁት። ብዙም አላወራንም፤ ሁለታችንም ማውራት ረስተናል፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እኩል ይጀምርና ሁለታችንም እንተወዋለን። ዕቃ ማስቀመጫዬ ውስጥ ደህና የሚሠሩ ሦስት ኪቦርዶች እንዳሉኝ፣ ነገ ወስጄ እንደምገጥምላቸው ነገርኳቸው።

«ለማን ልጽፍበት?» አሉኝ። ብርጭቆአቸውን ሞላሁላቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እስከ ብሎክ 11 ሸኘኋቸው። የእኔ መሣሪያ የብሎክ 14 ስለሆነ የእሳቸውን በር አይከፍትም። ከሥራ የሚመለስ አንድ ጎረቤታቸው ፊታቸውን ሳያይ «ከእኔ ጋር ናቸው» አለላቸው። ከመግባታቸው በፊት በረንዳቸውን በጣታቸው አሳዩኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደ መንገዱ የዞረው፣ ባልዲ ውስጥ ጤና አዳም የተተከለበት።

በማግስቱ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ላፕቶፑን ከደንኩት። ማጠፊያው ሲጥ ብሎ ተዘጋ። ብከፍተው ይበራ እንደሆነ አላውቅም፣ አልሞከርኩትም። አሥራ ሦስቱ ማሽኖች በየግድግዳው ላይ አረንጓዴ መብራታቸውን እያበሩ ጥሪዬን ይጠብቃሉ፤ አንዱም እንደቀረሁ አያውቅም። መዝገቡን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። ልክ አንድ ሰዓት ላይ ከበረንዳው ሥር መንገዱ ላይ ቆምኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ «ቁጥር ዘጠኝ» ብዬ ተጣራሁ። መጀመሪያ ድምፄ ጎረነነብኝ። ሁለት መስኮት ተከፈተ፣ የማላውቃቸው ሰዎች አዩኝ። መንገድ ላይ የሚጮኽ ሰው ካዩ ቆይተዋል መሰለኝ።

በረንዳው ባዶ ነበር። ቆየሁ። ሦስት ቀን አልጠብቅም፣ አሁኑኑ በሩ ላይ ሄጄ የመጣውን ሁሉ እለምናለሁ ብዬ እግሬን ሳነሳ የበረንዳው በር ተከፈተ። ጋሽ ሶፎንያስ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ብቅ አሉ፣ ባልዲውን ተደግፈው ወደ ታች አዩኝ።

«አለሁ» አሉ። ልሄድ ስዞር አስቆሙኝ። «ቆይ፣ አልጨረስንም» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቁጥር አሥራ አምስት።»

ጥቂት ጊዜ ማንን እንደሚጠሩ አልገባኝም ነበር።

«አለሁ» አልኩ። መዝገቡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከእሳቸው ስም ፊት አንድ፣ ሃያ ዓመት ባዶ ከቆየው ከራሴ ስም ፊት አንድ፣ ሁለት ምልክት አደረግኩ።